ወደ በርሊን የሚሄድ ተማሪ ከሁሉ በፊት አድራሻ ይያዝ

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ዋናው የመግቢያ ወቅት የሚከፈተው በአውሮፓውያን ጥቅምት 1 ነው፤ በእኛ መስቀል ባለፈ በሦስት በአራት ቀን ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ቦሌ ላይ የሚሸኝ ተማሪ፣ ቪዛው ከተመታለት ወዲህ ከባዱን ነገር ያለፈው ይመስለዋል። በርሊን ለሚገባ ሰው ግን ከባዱ ገና ነው። ለጥቂት ቀን ማደሪያ በዘመድም በወዳጅም ይገኛል፤ የሚቸግረው ስምን ለማስመዝገብ የሚፈቅድ ቤት ማግኘቱ ነው። ለጉዞ የሚዘጋጅ ቤተሰብም ከልብስና ከስንቅ በፊት ለዚህ ቢጨነቅ ይሻላል።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ቤት የገባ ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ ቢዩርገርአምት በሚባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ አድራሻውን ያስመዝግብ። በጀርመንኛ ስሙ አንሜልዱንግ ነው። ፓስፖርት፣ የተሞላ ቅጽና ቤቱን የሰጠው ሰው የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው። የኪራይ ውል አይተካውም። የአከራዩ ስምና አድራሻ፣ የቤቱ አድራሻ፣ የተገባበት ቀንና የገባው ሰው ስም ሊሰፍርበት ይገባል። የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ተከራይ አከራይም መፈረም ይችላል። ሆኖም ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ክፍል ቆርሶ ያከራየ ሰው እንዳይታወቅበት ስለሚሰጋ «መኖር እንጂ መመዝገብ አይቻልም» ይላል። እንዲህ ያለ ቤት በርካሽ ቢገኝም ለአዲስ ተማሪ አይሆንም።

ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ወይም በ115 ስልክ ነው። በርሊን 12 ወረዳዎች አሏት፤ ከየትኛውም ወረዳ ቢቀርቡ ስለሚያስተናግዱ የራስን ሰፈር ብቻ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ሰው የሰረዘው ቀጠሮ በየሰዓቱ ብቅ ስለሚል ማለዳ ተነስቶ ደጋግሞ ማየት ይረዳል። የተገኘው ቀን ከ2 ሳምንቱ ቢያልፍ፣ ቀጠሮውን በጊዜ ለመያዝ መሞከርዎን የሚያሳየውን መልእክት ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ በርሊን ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ቃል አለን። ተማሪ ቤታችሁ አስጠግታችሁ በእርግጥ እየኖረ ከሆነ ማረጋገጫውን ፈርሙለት፤ መፈረም ግዴታም ነው። የማይኖርበትን አድራሻ ማበደር ወይም መሸጥ ግን ደግነት አይደለም። ለዚህ ሕጉ እስከ 50,000 ዩሮ ቅጣት አስቀምጧል፤ ተማሪውም ደብዳቤው ወደማይኖርበት ቤት ሲሄድ ይጎዳል።

ደብዳቤ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። የታክስ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ካርድና የካርዱ የምስጢር ቁጥር፣ የጤና ኢንሹራንስ ካርድ፣ ሁሉም የሚመጡት በፖስታ ነው። ጀርመን ውስጥ አድራሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ቁጥር አይጻፍም፤ የሕንጻው ቁጥር ብቻ ነው። ፖስተኛው የሚያየው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ ወልዴ የሚባል ልጅ ሳጥኑ ላይ «አበበ» ብሎ ቢለጥፍ፣ «ወልዴ» ተብሎ የተጻፈው ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል። መፍትሔው ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም ቦታ ያሰፈረውን፣ የአባትም ይሁን የአያት ስም፣ በዚያው የላቲን አጻጻፍ መለጠፍ ነው። በደባልነት የገባም ቢሆን በዕለቱ ይለጥፍ። ዩኒቨርሲቲውም፣ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም ያንኑ ስም በዚያው ቅደም ተከተል ይያዙት፤ አለዚያ አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው የሚልከው መረጃ ላይገናኝ ይችላል።

ከተመዘገቡ በኋላ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ይመጣል፦ በወር 18.36 ዩሮ። ቴሌቪዥን የለኝም ብሎ መጣል ዕዳ ያጠራቅማል። ክፍያው በሰው ሳይሆን በቤት ስለሆነ ደባል ቀድሞ የሚከፍል ከሆነ የእሱን የክፍያ ቁጥር ጽፎ መመለስ ይበቃል።

ለቪዛ ተብሎ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው 11,904 ዩሮም እንደደረሱ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። በወር 992 ዩሮ ነው የሚለቀቀው፤ ያም ጀርመን ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሒሳብ ሲከፈት የምዝገባ ወረቀት የሚጠይቁ ባንኮች አሉ። የመጀመሪያው ወር ኪራይና ለአከራዩ በመያዣነት የሚሰጠው ገንዘብ አንድ ድርሻ ከዚህ ውጭ መያዝ አለበት። ማሞቂያና ሌሎች ወጪዎች ሳይደመሩ ካለው ኪራይ ከ3 ወር የሚበልጥ መያዣ መጠየቅ አይቻልም፤ ተከራዩም በ3 ወር ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው። «ውጭ አገር ነኝ፣ ገንዘቡን ላክና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ቤቱን እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ሳያይ አንድ ሳንቲም አይላክ።

የጤና ኢንሹራንስ ላይ የሚሠራ ስሕተት ደግሞ ቶሎ አይታረምም። የመንግሥቱ ኢንሹራንስ የተማሪ ዋጋ የሚሠራው እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ነው። ከዚያ በታች ያለ ተማሪ ርካሽ መስሎት የግል ኢንሹራንስ ገብቶ ከመንግሥቱ ነጻ ልሁን ብሎ ከፈረመ፣ ተማሪ እስከሆነ ድረስ መመለስ አይችልም። ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚሄዱት ወገኖቻችን ደግሞ 30 ያለፉ ስላሉባቸው፣ ከመነሳታቸው በፊት የሚከፍሉትን ጠይቀው በጀታቸው ውስጥ ያስገቡት።

የበርሊን የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት የሚያከራያቸው ዶርሞች ምዝገባ ይፈቅዳሉ፤ ሆኖም ተራው ከአንድ ሴሚስተር በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት፣ ቪዛው ሳይጠበቅ ያመልክቱ። ተራው እስኪደርስ ለጥቂት ወራት የሚከራዩት ክፍል ቢሆን እንኳ፣ ለአከራዩ የሚላከው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋው ሳይሆን ማረጋገጫውን ይፈርም እንደሆነ ይሁን። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉት።