ለገመና ጠባቂው አባታችን የቀረበ ውዳሴ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ አባቶቻችን እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳፍራል። ሰው የምሳውን ፎቶ ሳይለጥፍ በማይጎርስበት በዚህ ዘመን፣ የገቢውን መጠን ከገዛ ልጁ ደብቆ የሚኖር ጀግና ከእነሱ ሌላ የት ይገኛል?

ጀግንነቱ የሚፈተንበት ዐውደ ውጊያ ፋፍሳ ይባላል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪ የሚሰጠውን ገንዘብ ለማግኘት የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ለመሙላት አንድ ሳንቲም አይከፈልም። በዚህ በኩል የሚገኘው ፔል ግራንት በ2025-26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። ብድር ስላልሆነ አይመለስም። ሙሉውን ያገኘ ተማሪ በሜሪላንድ የካውንቲውን ማኅበረሰብ ኮሌጅ የዓመት ክፍያ ሸፍኖ ለመጽሐፍ መግዣ ይተርፈዋል። ለማመልከት ዜግነት ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል። እንዲህ ያለ ደግነት ወጥመድ መሆኑን ለአባታችን ማንም አልነገረውም። ራሱ ደረሰበት።

ልጅቱ ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ቅጹ የአባትን ፈቃድ ይጠይቃል። ከፈቀደ የግብር መረጃው ከገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይመጣል፤ ካልፈቀደ ልጅቱ ከፔል ግራንቱ ሰባራ ሳንቲም አታይም። «አባዬ፣ ስልክህ ላይ የመጣውን የመግቢያ ቁጥር አንብብልኝ» ትላለች። አባት መነጽሩን ያደርጋል፤ መልእክቱን ከላይ እስከ ታች ያነበንባል፤ ከዚያ ስልኩን ደፍቶ ያስቀምጠዋል።

«ለማንም አትንገር ይላል እኮ!»

ሕግ ማክበር ይሏችኋል ይህ ነው! የግብር ወረቀቱን በየዓመቱ ፈርሞ ለዚያው መንግሥት የሚልከው ራሱ መሆኑን የሚያነሱ ምቀኞች አይጠፉም። ዲቪ የደረሰው ጊዜም ሸሚዙን አውልቆ ሳንባውን ሳይቀር በኤክስሬይ አስነስቶ ለኤምባሲ አስረክቧል ይላሉ። እውነት ነው። ሳንባ ግን ገመና አይደለም። ገመና ማለት ደመወዝ ነው።

ጠላት የሚያወራውን ትተን ምክንያቱን ብንመረምር ጥበቡ ይገለጥልናል። የገቢው ቁጥር ልጅቱ ጆሮ ከገባ በማግስቱ አዲስ አበባ ያለችው አክስቷ ትሰማዋለች። የሚያስፈራውም ብዛቱ አይደለም፤ ማነሱ ነው። የሰፈር ሰው በሠርግ ቪዲዮ አይቶ የገመተው ገቢና ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ገቢ ለትውውቅ እንኳ አይበቁም። ያ ትንሽ ቁጥር ደግሞ፣ እንዳጋጣሚ ሆኖ፣ ፔል ግራንትን የሚያስገኘው ቁጥር ነው። አባታችን ግን «እኛ ለማኝ አይደለንም» ብሎ ይዘጋዋል። ሃያ ዓመት የገበረው ግብር ለጎረቤቱ ልጅ ትምህርት ቢውል ቅር አይለውም፤ ለጋስ ሰው ነው።

ምስጢር ሲከማች ግን ያስጨንቃልና፣ ከብዙ የቤት ውስጥ ክርክር በኋላ አባታችን አንድ የሚያምነው ሰው ያገኛል። ይህ ሰው በአንድ ምግብ ቤት የጓሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነፃውን ቅጽ በገንዘብ የሚሞላ ባለሙያ ነው። ለልጁ ስልኩ ላይ የመጣውን ስድስት አኃዝ የነፈገው አባት ለእሱ ሙሉ ፖስታ ይዞለት ይመጣል፦ የግብር ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የልጅቱ የይለፍ ቃል ሳይቀር። አጠገባቸው ክትፎ የሚበሉት ሰዎች አንገታቸውን ሰገግ ቢያደርጉም ችግር የለም፤ ዘመድ አይደሉም።

ባለሙያው ቅጹን የሚልከው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ሜሪላንድ በገቢ ላይ ለተመሠረተው የራሷ ድጎማ ያስቀመጠችው የመጨረሻ ቀን ማርች 1 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22፣ የዓድዋ ድል ዋዜማ። በዚያ ሌሊት አያቶቻችን ጠመንጃቸውን ይዘው ዓድዋ ላይ አደሩ። እኛ ደግሞ ለበዓሉ ጥበብ ልብስ ስንተኩስ አመሸን፤ የግዛቲቱ ገንዘብም ቀድመው ለደረሱት ሄደ። የዲሲ ነዋሪዎችም ከዚህ ክብር አልተለዩም። ከተማቸው ሌላ ግዛት ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ልጆቿ የክፍያውን ልዩነት የምታግዝበት ዲሲ ታግ የሚባል ገንዘብ አላት፤ የሚያውቀው ግን በጣት ይቆጠራል።

ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ድግስ ተደገሰ። ለጎደለው ክፍያ ባንክ ተኬደ። ባንክ ያለ ዋስ አላበድርም ስላለ አባታችን ዋስ ሆነ፤ ዋስ ገቢውን ማሳየት ስላለበትም የደመወዝ ወረቀቱን የማያውቃት የባንክ ሠራተኛ ፊት ዘርግቶ፣ እየሣቀ፣ በየገጹ ፈረመላት። ወለዱን አልጠየቀም። ጨዋ ሰው ስለ ወለድ አይጠይቅም።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቅጹ ቢዘገይ ኦክቶበር 1 ላይ ይከፈታል። አባታችንም ከወዲሁ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ቀይሯል።