ማስተካከያ፦ 16 ቡሎን ያለው ሁሉ 4ኤል60ኢ አይደለም

እዚህ አሜሪካ ጃንክያርድ (ከአሮጌ መኪና ዕቃ ፈታችሁ የምትገዙበት ግቢ) ለምትሄዱ ሰዎች "የጂኤም (ጀነራል ሞተርስ) ካምቢዮ ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት መያዣ) 16 ቡሎን ካለው 4ኤል60ኢ (ማርሽ በኮምፒውተር የሚቀይረው አውቶማቲክ) ነው፣ ዝም ብላችሁ ፍቱት" የሚል ነገር ሲዞር ነበር፣ ይሄ ይስተካከል። ቡሎን መቁጠሩ 17 ካለው ከትልቁ 4ኤል80ኢ ለመለየት አሪፍ ነው ግን በፈረንጆቹ 1982 የመጣው የድሮው ካምቢዮ 700አር4ም ያው 16 ነው፣ እሱ ደግሞ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት እንጂ በኮምፒውተር አይደለም፣ ስለዚህ አዲሱ መኪና ላይ ብትገጥሙት አይሰራላችሁም።

ሶኬት አለው ብላችሁም አትቸኩሉ፣ 700አር4ም በሾፌሩ በኩል ትንሽዬ ሶኬት አለችው። የ4ኤል60ኢ ግን በተሳፋሪው በኩል ነው፣ ትልቅና ክብ፣ ውስጡ ፒን የታጨቀበት። እዛው ጎን ከነዳጅ መስጫው የሚመጣ ኬብል የሚገባበት ካያችሁ የድሮው ነው አለቀ። ቅባቱን በጨርቅ ጠረግ አርጋችሁ እዩት፣ ጭቃ ሲሸፍነው ሁሉም አንድ ይመስላል።

መኪናው ላይ እንዳለ ካገኛችሁት ደሞ ዳሽቦርድ ኪሱን ክፈቱ፣ ስቲከሩ ካልተላጠ ኤም30 የሚል ኮድ 4ኤል60ኢ ነው፣ ኤምቲ1 ከሆነ 4ኤል80ኢ። ካምቢዮው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ግን ታች ገብታችሁ ሶኬቱንም እዩ።