የኩላሊት ካንሰር በቆዳና በአፍ ላይ አይወጣም ለሚለው አስተያየት እርማት

«የኩላሊት ካንሰር ወደ ሳንባና ወደ አጥንት እንጂ ወደ ቆዳና ወደ አፍ አይዛመትም፤ ኩላሊቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ 5 ዓመት ካለፈም ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚለው አስተያየት በሁለቱም በኩል መታረም ይኖርበታል።

ሳንባ፣ አጥንት፣ ጉበትና አንጎል በብዛት የሚጠቁ መሆናቸው እውነት ነው። ሆኖም ይኸው ካንሰር አልፎ አልፎ በራስና በፊት ቆዳ ላይ እንዲሁም በምላስ፣ በድድና በመንጋጋ ላይ ይወጣል። ዕጢው በደም ሥሮች የበለጸገ በመሆኑ ሕዋሳቱ ወደ ደም ለመግባት አይቸገሩም፤ ከዚያም በሳንባ በኩል አልፈው፣ ወይም ኦስካር ባትሰን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940 በገለጸው፣ በአከርካሪ ዙሪያ በሚገኘውና ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ክዳን) በሌለው የደም መልስ ሥሮች መረብ ሳንባን ሳይነኩ፣ ወደ ራስና አንገት እንደሚደርሱ ይታሰባል።

በቆዳ ላይ የሚወጣው እብጠት ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ፣ ቶሎ የሚያድግና በቀላሉ የሚደማ ነው። የአፉ ደግሞ ተራ የድድ እብጠት ስለሚመስል ያዘናጋል፤ ብዙዎች መጀመሪያ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄዳቸውም አያስገርምም።

የ5 ዓመቱን ገደብ በተመለከተ፣ ካንሰሩ ከ10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በኋላ የተመለሰባቸው ታካሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የኩላሊቱ ዕጢ ሳይታወቅ የምላስ ወይም የቆዳ እብጠት ቀድሞ የታየባቸውም አሉ። በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ (ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ በማየት) መመርመር አለበት፤ እብጠቱ ሲነካ ብዙ ሊደማ ስለሚችልም ናሙናውን የሚወስደው ሐኪም ስለ ቀድሞው የኩላሊት ቀዶ ጥገና አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።