ስካነሩ የማያየው የአለቱ ክፍል

ስለ ገደል ቅኝት ያነበብኩት ጽሑፍ የገደልን ገጽታ በሌዘር ቅኝት (ጨረር ልኮ ርቀትን በሚለካ መሣሪያ፣ በስካነር) በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች መዝግቦ የአለት ናዳን ስጋት መገመት እንደሚቻል በሚገባ አስረድቷል፤ ባለሙያው ገደሉ ሥር ሳይቆም የስንጥቆችን አቅጣጫና ዝቅዝቀት መለካት መቻሉ ትልቅ ጥቅም እንደሆነም እስማማለሁ። ሆኖም ጽሑፉ ከቅኝቱ የሚገኘውን የገደሉን ምስል «የተሟላ ሞዴል» ማለቱ ጥንቃቄ የጎደለው ይመስለኛል። መሣሪያው በአንድ ቦታ ብቻ ሲተከል ወጣ ካለ አለት ጀርባ ያለው ክፍል ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ከጨረሩ ጋር ትይዩ የሆኑ ስንጥቆችም እንደ ቀጭን መስመር ቢታዩ ነው፣ አለዚያ ጨርሶ ይጠፋሉ። አደገኛው ስንጥቅ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁለትና ከሦስት ቦታ መቃኘት ቅንጦት አይደለም።

በተለያየ ጊዜ የተወሰዱ ቅኝቶች ሲነጻጸሩ የሚታየው ልዩነትም ሁሉ የአለት እንቅስቃሴ አይደለም፤ ቅኝቶቹን አንዱን በሌላው ላይ የማጋጠም ስህተት፣ አልፎ አልፎም አዲስ የበቀለ ቁጥቋጦ፣ እንቅስቃሴ መስሎ ይታያል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሊወድቅ የሚችለው ድንጋይ የመጠን ግምት በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ነው። 1 ሜትር ኩብ ግራናይት 2.65 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ከ30 ሜትር ከፍታ ያለ ምንም እንቅፋት ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 87 ኪሎ ሜትር፣ ጉልበቱም ወደ 780 ኪሎ ጁል ይሆናል። የድንጋዩ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት እያንዳንዳቸው የእውነተኛው ልክ ግማሽ ብቻ ተደርገው ቢገመቱ የክብደቱ ግምት ወደ 1/8 ይወርዳል፤ የሚወድቀውን ድንጋይ ለመያዝ የሚዘረጋው መከላከያ መረብም በዚያው ልክ ደካማ ሆኖ ይነደፋል። ሌዘር የሚለካው የፊቱን ገጽ ብቻ በመሆኑ፣ የድንጋዩ ጥልቀትና በስንጥቁ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት ዛሬም በሌላ ዘዴ መጣራት አለባቸው።