ትልቁ ጠመንጃ ለየትኛው አውሬ ነው?

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ከሚኖርበት አገር መጥቶ ድሬዳዋ ሰንብቶ ነበር። በከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና ስንጠጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፈቃድ አውጥቶ ለአደን ሲመጣ የትኛውን ጠመንጃ ቢይዝ እንደሚሻል ጠየቀኝ። እሱ ያሰበው .458 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ትልቅ ጠመንጃ ለመግዛት ነበር (ቁጥሩ የአረሩን ውፍረት በኢንች ይናገራል)፤ «ለአፍሪካ ከዚያ ያነሰ አይሆንም» ብለውታል። ብዙዎች የሚሰሙት ምክር ይኸው ስለሆነ መልሴን እዚህ ላሰፍረው ወደድሁ።

.458 እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ለዝሆንና ለጎሽ ነው። በርካታ የአፍሪካ አገሮችም ለአደገኛ አውሬ ከ.375 በታች የሆነ ካሊበር (የአረር ውፍረት) አይፈቅዱም። እ.ኤ.አ. በ1912 የተሠራው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 19.4 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ስለሚወረውር፣ ቆስሎ የሚመጣ ጎሽ ፊት ለቆመ ሰው ይህ ሕግ ተገቢ ነው። በእኛ ምሥራቅ ግን ዝሆኖቹ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው በባቢሌ መጠለያ ነው፤ እነሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው ከእኔ ምክር አያገኝም። አዳኝ በቆላው የሚከተለው 200 ኪሎ የሚጠጋውን ሳላና 100 ኪሎ ገደማ የሆነውን አምባራይሌ ነው። ወደ ባሌና አርሲ ተራሮች ከወጣ ደግሞ እስከ 300 ኪሎ የሚደርሰውን የደጋ አጋዘን ያገኛል። ለእነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው .30-06 ይበቃል። ከሸለቆ ማዶ መተኮስ ግድ በሚሆንበት ደጋ .300 ዊንቸስተር ማግነም ይመረጥ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን ለትከሻም ለእንስሳውም አይበጅም።

ትከሻን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የ.375 ርግጫ፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ ትከሻን የሚመታው ኃይል፣ የ.30-06 እጥፍ ያህል ነው፤ የ.458 ደግሞ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከዓመታት በፊት በአንድ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ አዲስ .375 ከያዘ እንግዳ አጠገብ ቆሜ ነበር። አራት ጥይት ተኩሶ አራቱም ከኢላማው በታች አፈር ስለመቱ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ተጠራጠረ። አሠልጣኙ ምንም ሳይናገር ጠመንጃውን ተቀበለውና፣ ባሩድ የሌለው ጥይት ሳያሳየው አጉርሶ መለሰለት። እንግዳው ቃታውን ሲስብ ጠመንጃው አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ አለ፣ ዓይኖቹም ተጨፍነው ነበር። መነጽሩ ጤነኛ ነበር፤ ሰውየው የፈራው ርግጫውን ነው። ኢላማው ሳላ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ጥይቶች እግሩን ሰብረው ወይም ሆዱን በስተው ይሰዱት ነበር። እንዲህ የቆሰለ እንስሳ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን እየማቀቀ ይሞታል፤ ደሙን ተከትሎ በእሾህ መሃል የሚገባው ደግሞ እንግዳው ሳይሆን አዳኙን መንገድ የሚመራው የአካባቢው ሰው ነው።

ከካሊበሩ ይልቅ የአረሩ ዓይነት እንዲታሰብበት አጥብቄ እሻለሁ። አባቶቻችን ቤልጅግ የሚሉት 7.92 ሚሊሜትር ጠመንጃ በጉልበቱ ከ.30-06 ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ለጦር ሜዳ የተሠራው ድፍን አረር ሳይሰፋ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ያልፋል፤ ለአደን የተሠራው አፉ ለስላሳ አረር ግን ሥጋ ውስጥ ሲገባ እየሰፋ ልብና ሳንባን ይጎዳል። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል በ7 ሚሊሜትር ጠመንጃ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝሆኖችን መግደሉን እየጠቀሱ ትንሽ ካሊበር ለሁሉም ይበቃል የሚሉ አሉ። እሱ ግን ድፍን አረር የመረጠው በወፍራም አጥንት አልፎ አንጎል እንዲደርስለት ነው፤ ቦታውንም ለማወቅ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አጥንቷል። እንዲህ ያላጠና ሰው የእሱን ምሳሌ መጥቀስ የለበትም።

የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ጥይቱን መኪና ውስጥ አይተወውም፤ ባሩድ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀለሁም አልወጣ ሊል ይችላል።

ፈቃድ የሚሰጠው አካል የጠመንጃውን ወረቀት ብቻ አይቶ እንዳይሸኝ እጠይቃለሁ። አዳኙ ወደ ዱር ከመግባቱ በፊት በራሱ ጠመንጃ፣ ሊያድንበት ባመጣው ጥይት፣ ከ100 ሜትር ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስቱንም በስኒ ማስቀመጫ ስፋት ውስጥ ያሳርፍ። ያቃተው ሰው በዚያው ሜዳ ይለማመድ፣ ወይም አነስ ያለ ካሊበር ይያዝ። ለአጎቴ ልጅም ያልሁት ይህንኑ ነው፤ .458ቱን ትቶ በአንድ .30-06 ልምምድ ጀምሯል።