ትርጉም የለሽ ቃላት በሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ ዕጩ መምህር ጎረቤት ያለው ሰው ለሳይንስ ሲባል የማይሆነው ነገር የለም። የአከራያችን ልጅ ለመምህርነት ይሠለጥናል፤ አሠልጣኞቹም ነገ ተማሪዎቹን በተግባር እንዲያስተምር ዛሬ እርሱ ራሱ በተግባር ይማር ብለው ስለ ማስታወስ ሙከራ እንዲያካሂድ አዘውታል። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ልጁ የማስታወስን ትርጉም ባለፈው ዓመት ከሰሌዳ ገልብጦና ሸምድዶ ፈተና አልፎበታል፤ ዛሬ ግን ከደብተሩ ካላነበበ አይመጣለትም።

ሙከራው የተካሄደው በቡና ሰዓት ነው። 15 ቃላት በቀስታ ካነበበልን በኋላ ያስታወስነውን እንድንጽፍ አደረገ። አጥኚዎች እንደሚሉት የአንድ ዝርዝር መጀመሪያና መጨረሻ ይታወሳል፣ መካከሉ ይጠፋል፤ እኛም በ«ሐይቅ» ጀምረን በ«ዓሣ» ስንጨርስ መካከሉን ውኃ በላው። ከመካከል የተረፈው «ዕቁብ» ብቻ ሲሆን፣ እርሱን ያልጻፈ አልነበረም። የዕድራችን ጸሐፊ ከ15ቱ 4 ብቻ ቢያስታውሱም፣ በየትኛው ልቅሶ ማን ድንኳን ሳይተክል እንደቀረ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ከነዓመተ ምሕረቱ ዘረዘሩልን።

ልጁ ትርጉም ያለው ቃል ውጤቱን አበላሸብኝ ብሎ ጀርመናዊውን የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስን ጠራ። ይህ ሰው ከ2,000 በላይ ትርጉም የለሽ አጫጭር የድምፅ ቅንጅቶች አዘጋጅቶ፣ በራሱ ላይ ብቻ እየሞከረ፣ የተሸመደደ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት እንደሚጠፋና ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየዘገየ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። በራሱ ላይ ብቻ መሞከሩ ብልህነት ነበር። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገሩ ጎረቤታሞች በአንድ ረከቦት ዙሪያ በሚቀመጡበት ከተማ ትርጉም የለሽ ቃል ከየት ይገኛል? ልጁ «ኬዥ» ሲል አንዲት እናት የአክስታቸው ልጅ የቤት ስም መሆኑን ነገሩን፤ «ዱፕ» ሲል ደግሞ እናቱ ጀበናውን እንደያዙ ደንግጠው «ምን ዱብ ዕዳ ልታመጣብን ነው ልጄ?» አሉት።

ዕዳ ከተነሣ አይቀር፣ ኤቢንግሃውስ መርሳትን የለካው የተረሳውን እንደገና ማጥናት ከመጀመሪያው ምን ያህል ያነሰ ጊዜ እንደወሰደበት በማስላት ነበር። በዚህ መለኪያ ከእኔ ብር የተበደሩት ጎረቤቴ ለሳይንስ ብርቅ ናቸው፤ ባስታወስኋቸው ቁጥር ነገሩን እንደ አዲስ ስለሚሰሙት የማስረዳበት ጊዜ አጥሮ አያውቅም።

በሳምንቱ ድጋሚ ፈተና ነበር። ቡናው ቈሎ እንዳለው ቀድሞ ስለተነገረ ሁሉም ከሰዓቱ በፊት ተሰበሰበ፤ ብሩን ይዘው እንዲመጡ አደራ ያልኋቸው ጎረቤቴ ብቻ ቀሩ። ልጁ «መርሳት» በሚለው ዓምድ ሥር ሊመዘግባቸው ብዕሩን ሲያነሣ፣ ለሙከራው ትክክለኛነት ተቆርቁሬ «ማስታወስ» ወደሚለው እንዲያዛውራቸው ጠየቅሁት።