እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል

የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁም። ስለ ኳስ ሜዳችን ነው።

«ይታደስልን» እያላችሁ ትጮኻላችሁ። እውነት ነው፣ አርጅቷል። በበጋ ዋልካው ተሰነጣጥቆ የልጅ እግር ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ግን ማን አስረጀው? ጠዋት ጠዋት የመንጃ ፈቃድ ተለማማጅ ወደኋላ እየነዳ የሚዞርበት ማን ሆኖ ነው? ቅዳሜ የሠርግ ድንኳን ካስማ የሚመታበት፣ ለባዛር አይሱዙ አስገብቶ ዕቃ የሚያራግፍበት፣ ከሰዓት በኋላ ከብቱን የሚለቅበትስ? ከሌላ አገር የመጣ ጠላት የለም፣ እኛው ነን። ዒድ ሲሰገድበት ከንጋት ጀምሮ የምንጠራርገውን፣ ደመራ ሲለኮስበት ዙሪያውን የምንቆመውን ሜዳ በማግስቱ ለማን ጥለነው እንደምንሄድ እንጃ።

አህያ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። እሷስ ሞቷን ቆጥራ ነው። እኛ በቁማችን፣ ልጆቻችን እያዩን፣ ሰርዶውን ረግጠን ጨርሰን «ሣር አምጡልን» እንላለን።

ደግሞ ሰርዶን መናቃችን! ከጓሮ እየነቀልን የምንጥለው ይህ ሣር በበረሃ አገር በገንዘብ የሚገዛ ነው። በአሜሪካ በረሃዎች፣ በአሪዞናና በደቡብ ኔቫዳ፣ ብዙ የጎልፍ ሜዳዎችን የሚሸፍኑት እሱና ዲቃሎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ቲፍተን ላይ የወጣው ቲፍዌይ የተባለ ዝርያ የሰርዶና የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ዲቃላ ነው። ሙቀት ይችላል፣ ጨው ይችላል፣ ቢረገጥም መልሶ ያንሰራራል። እኛ ግን «የፈረንጅ ሣር ካልሆነ» ብለን አፍንጫችንን እንነፋለን።

እስቲ የበረሃዎቹን ሥራ ልብ በሉ። አንድ አሮጌ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ሲያድሱ ከሣሩ በፊት ውሃውን ይቆጥራሉ። የኔቫዳዋ ከተማ ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,000 ሚሊሜትር ታገኛለች። ለላስ ቬጋስ ጎልፍ ሜዳ በዓመት የሚፈቀደው ውሃ፣ በሚጠጣው መሬት ላይ ቢተኛ፣ ቁመቱ 1.9 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወደ 1.2 ሜትር ወርዷል፤ ያሳለፈ ተጨማሪ ይከፍላል። ለዓይን ብቻ የተተከለ፣ ማንም የማይጫወትበት ሣር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ ፈርዶበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2027 መባቻ ጀምሮ በመንገድ አካፋይና በሕንፃ ደጅ ያለውን እንዲህ ያለ ሣር በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ክልክል ይሆናል። የውሃው ባለሥልጣን ገንዘብ እየከፈለ ሣር ያስነቅላል። ጎልፍ ሜዳዎቹም ኳስ የማያርፍበትን ዳር ዳሩን እየነቀሉ ለድንጋይና ለበረሃ ቁጥቋጦ ለቀውታል፣ የቀረውን ሣር በደንብ ይንከባከባሉ። ዱባይ ሠርታችሁ የተመለሳችሁ እህቶቼም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ሣር የሚባል ነገር የሚበቅለው ጨው በተጣራለት የባሕር ውሃ ወይም ታክሞ በተመለሰ ፍሳሽ ነው። ጠብታው ዋጋ ስላለው የሚጠብቀው ሰው አለው።

እኛስ? ሰሞኑን ያየሁትን ልንገራችሁ። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አዲስ የተነጠፈ ሣር ላይ አንድ ወጣት ከቦቴ በተዘረጋ ጎማ ውሃ ይረጫል፤ ግማሹ ሣሩ ላይ ሳይደርስ በነፋስ አስፋልት ላይ ይበተናል። ከመንገዱ ማዶ ቦኖው ጋ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ከባጃጅ ሹፌር ካቻቢቴ ተውሼ መሬቱ ላይ ተጫንሁት። ሁለት ጣት ያህል ገባና ቀጥ አለ፤ ከዚያ በታች ድርቅ ያለ ጡብ ነው። «አብሽር፣ ክረምት ሲመጣ ይለመልማል» አለኝ ልጁ። እሱን አልወቅስም፣ ያዘዘው ሰው አለ። በየቀኑ በጥቂቱ ከላይ ከላይ የረጠበ ሣር ሥሩን ወደ ታች አይሰድም፤ ውሃው በቀረ በሳምንቱ ይነድዳል። የሚያጠጡ ሰዎች ሳይነጋ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ በደንብ አጥልቀው ያጠጡና ቀናት ይተዉታል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ከገባ በቂ ነው። ለዚህ ኢንጂነር አያስፈልግም።

አሁን ሒሳቡን ስሩ። አንድ መደበኛ የኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፣ 7,140 ካሬ ሜትር። በአንድ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ብቻ ብታለብሱት 35,700 ሊትር ይጠጣል። በ20 ሊትር ጀሪካን 1,785 ጀሪካን ማለት ነው። ይህን ከመጠጥ ውሃ መስመር ለመቅዳት ዓይናችሁን አታሹም? ቦኖው ላይ የተሰለፈችው እናት ፊት ቆማችሁ ንገሯት እስቲ።

ውሃ የለም እያልሁ አይደለም። ከዓመቱ ዝናብ ግማሹ ያህል በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና በቦይም ያለ ቦይም ቦርከና ወንዝ ይገባል። የሚያስቀረው የለም። ከተመልካች መቀመጫ ጣሪያና ከአካባቢው ቤቶች ቆርቆሮ ወደ ታንከር የሚወርድ አሸንዳ ቢሠራ ኅዳርና ታኅሣሥን ለማሻገር ያግዛል። «ወንዙ እያለ!» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ኧረ ተዉ! ታክሞ የተመለሰ ፍሳሽና እንዲሁ የተለቀቀ የፋብሪካ ፍሳሽ አንድ አይደሉም። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ያዘለ ውሃ ልጅ በጉልበቱ የሚወድቅበት ሜዳ ላይ አይረጭም። ተለክቶ፣ ተመርምሮ፣ ንጹሕ ነው ካልተባለ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሌላው ጩኸት ሰው ሠራሽ ሣር ነው። ውሃ አይጠጣም፣ እውነት። በፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት ውስጥ ያልቃል፣ ያን ጊዜ ያንን ሁሉ ፕላስቲክ የት እንደምትጥሉት አስቡበት።

ዋናው ያልገባችሁ ነገር ከመሬት በታች ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። ዋልካ አፈር ላይ ሣር አንጥፎ ሪባን መቁረጥ የአንድ ክረምት ደስታ ነው፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ መውረጃ አጥቶ ይታቆራል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። የጎልፍ ሜዳ ውስጥ ኳሷ የምትገባበት ግሪን የሚባለው ቦታ እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ፤ ከታች ውሃ የሚያወጣ ቧንቧ፣ 10 ሳንቲሜትር ጠጠር፣ ከላዩ 30 ሳንቲሜትር አሸዋ የበዛበት አፈር። ያም ለሜዳው ሁሉ አይደረግም፣ ሁሉም ተጫዋች ለሚረግጠው ለዚያ ብቻ ነው። የእኛ ግሪን የግቡ አፍ ነው። በረኛው ቀኑን ሙሉ የሚፈነጭበት፣ ማዕዘን ምት ሲመታ ሃያ ሰው የሚጋፋበት። ለሜዳው ሁሉ ገንዘብ ከሌለ ለሁለቱ የግብ አፎች አሸዋ ይግባ፣ ቀሪው ከመሃል ወደ ዳር በትንሹ እንዲያዘቀዝቅ ይደልደልና ዙሪያው ቦይ ይቆፈርለት። ሰርዶው ከጓሯችሁ ይምጣ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ግንዱን እየበጣጠሱ ቢተክሉት በክረምቱ ዝናብ ራሱ ይሳባል፣ በነጻ።

ታዲያ በዚያ ክረምት ሜዳው ይዘጋል። እዚህ ላይ ነው የማትስማሙት፣ አውቃለሁ። «ልጆቹ የት ይጫወቱ?» ትላላችሁ፤ የቡድን መሪው ያኮርፋል፣ ድንኳን አከራዩ ቀጠሮ አለኝ ይላል፣ ባለከብቱ በሌሊት ያስገባል። አጥሩን ሽቦ በሽቦ እየፈታችሁ ወስዳችሁ ለዶሮ ቤት ያደረጋችሁትን እናንተ ታውቃላችሁ። ሦስት ወር መታገሥ ያቃተው ሰው ሜዳ ይታደስልኝ ብሎ ባይፈርም ይሻለዋል። ልጆቹ በየመንደሩ ባለው ክፍት ቦታ ይራገጡ፤ ለመለማመጃ መኪናውም ሌላ ቦታ ይፈለግለት። ደመራውም አንድ ቋሚ ጥግ ተከልሎለት ይለኮስ፣ እሳቱ በየዓመቱ ቦታ እየቀየረ ሣር አይብላ።

ኮሚቴው መዋጮ ሊሰበስብ በራችሁን ሲያንኳኳ አትመልሱት፣ ቡና አፍሉለት። ግን ደረሰኙን ከመቀበላችሁ በፊት የውሃው ምንጭ የት እንደሆነ፣ የጥበቃው ደመወዝ ለሁለተኛው ዓመት ከየት እንደሚከፈል፣ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን ጠይቁት። መልሱን በወረቀት ካሳያችሁ ስጡ። «እሱ ከምረቃው በኋላ ይታያል» ካላችሁ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ።